ሳይቸግር ፕሮሰሰር ብድር

ወንዶች ሰብሰብ ብለው በሚቀመጡበት ቤት ሁሉ ተራው ደርሶት የሚወደስ አንድ ማሽን አይጠፋም። በአባቶቻችን ዘመን መኪና ነበር፤ ሲሲዋ፣ ሞተሯ፣ ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ እንደምትወጣ ሲተነተን ይመሽ ነበር። ቀጥሎ ስልክ መጣና ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ያልተጠየቀ ሰው ጠፋ። ሀርጌሳ ውስጥ እኛ ሐበሾቹ በምንውልበት ቤት ደግሞ ዘንድሮ ተራው የቤት ሰርቨር ሆኗል። ሚስት “ያ ሳጥን” ትለዋለች፤ ልጆች “ፊልም ቤት” ይሉታል፤ ባለቤቱ ግን “ሰርቨሬ” ሲል ድምፁ ዝቅ፣ ደረቱ ከፍ ይላል።

ለማያውቀው ሰው፣ የቤት ሰርቨር ማለት ሳሎን ጥግ ወይም ከቴሌቪዥኑ ሥር ተጎልቶ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። ሥራው ማስቀመጥና ማቀበል ነው። የልደት ፎቶ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ ከአዲስ አበባ በፍላሽ የመጣ ድራማ በሆዱ ይዞ ይቀመጥና ቤተሰቡ በስልክም በቴሌቪዥንም ሲጠራው በዋይፋይ ያቀብላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚህ በላይ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ እሱም ከዚህ በላይ ልሥራ ብሎ አያውቅም።

ሀርጌሳ ለዚህ አመል የተመቸች ከተማ ናት። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ ዱባይ የሚመላለሰው ነጋዴ ብዙ ነው፤ የበርበራ ወደብም 160 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። አንድ የአውሮፓ ቢሮ “አርጅቷል” ብሎ ያወጣው ዕቃ እዚህ ሲደርስ በእልልታ ይገባል። የኛ ሰፈር ሰዎች ፍቅር የያዛቸው በኤችፒ ፕሮላያንት ማይክሮሰርቨር ጄን 8 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ገበያ የወጣች፣ ብብት ሥር የምትያዝ፣ አራት ሃርድ ዲስክ የምትጎርስ ሳጥን ናት። ስትመጣ ይዛው የምትመጣው ፕሮሰሰር ብዙ ጊዜ ከኢንቴል ርካሾች ወገን የሆነው ሴሌሮን ጂ1610ቲ ነው፤ ሁለት ኮር፣ 2.3 ጊጋኸርዝ፣ 35 ዋት። ሳታጉረመርም የምትሠራ ምስኪን ናት። ጥፋቷ አንድ ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሯ ቦርዱ ላይ አልተበየደም። ይነቀላል።

ጉዱን ያፈላው ይኸ ነው። የሚነቀል ነገር እያየ ሳይነቅል የሚያድር ወንድ ገና አላየሁም። ከሷ በፊት የነበረችው ጂ7 ፕሮሰሰሯ ተበይዶ ስለሚመጣ ባለቤቶቿ ከትዳራቸው ጋር በሰላም ኖረዋል።

ውሳኔው የሚወለደው ከሰዓት በኋላ ነው። የአወዳይ ጫት ቶጎ ውጫሌን ተሻግሮ ሀርጌሳ ሲገባ የከተማው ልብ ወደዚያው ይሄዳል። ሐበሻውም ከአገሬው ጋር ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል። መጀመሪያ ጸጥታ ነው፤ ከዚያ ጨዋታው ይደራል፤ ምርቃናው ሲገባ ደግሞ ዕቅድ ይነደፋል። በምርቃና ያልተሠራ ፎቅ፣ ያልተከፈተ ፋብሪካ፣ ያልታረቀ መንግሥት የለም። አብዛኛው ከምርቃናው ጋር አብሮ ይወርዳልና ማንንም አይጎዳም። የፕሮሰሰሩ ዕቅድ የሚለየው በስልክ ወዲያው ገንዘብ ተልኮ ሊፈጸም በመቻሉ ነው። ባለ ሰርቨሩ ወዳጃችን አንድ ከሰዓት ላይ ጉንጩን እንደወጠረ “ዚዮን ይገባላታል!” አለ። ዚዮን የኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰር ወገን ነው፤ ስሙ ሲጠራ ሰውነትን የሚወርር ግርማ አለው። ቤቱ ሁሉ “ይገባላታል!” አለ። ለምን ያለ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ሰዓት “ለምን” የሚል ሰው ጫቱ ያልሠራለት ተደርጎ ይቆጠራል።

ለምን የሚለው ጥያቄ የመጣው ማታ ከሚስት ነው፤ መልሶቹም ያኔ ተፈለጉ። አንደኛው “ፊልሙ ይቆራረጣል” የሚል ነበር። ፊልሙ በርግጥ ይቆራረጣል፤ የሚቆራረጠው ግን መኝታ ቤት ብቻ ነው። ራውተሩ ሳሎን፣ መኝታ ቤቱ ከሁለት የብሎኬት ግድግዳ ወዲያ። ሁለተኛው “ስትጠራት ቶሎ አትመልስም” ነው። እውነት ነው፤ ዲስኩ ሥራ ሲያጣ እንዲተኛ አድርጎ ያዘጋጀው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ የተኛ ዲስክ ደግሞ ተነሥቶ እስኪሽከረከር ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። ሦስተኛው “ለወደፊቱ ይሆናል” ነው። ይህ መልስ አይሸነፍም፤ ወደፊቱን አይቶ የመጣ ተከራካሪ የለምና። አራተኛው ግን ሳይስቁ ለመስማት የሚያስቸግር ነው፤ “መብራት ይቆጥባል!”

የመብራትን ነገር ሀርጌሳ ላይ አያነሡም። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ይህች ከተማ መብራት ያገኘችው ጄኔሬተር ተክለው፣ ገመድ ዘርግተው ከሸጡላት ነጋዴዎች ነው፤ ኪሎዋት ሰዓቱ አንድ ዶላር ገደማ የተከፈለበት ዘመንም ነበር፤ ይህም ከዓለም ውድ ዋጋዎች አንዱ ነበር። ሒሳቡን በዚያ ዘመን ዋጋ እንሥራው። ሰርቨሯ ከነዲስኮቿ 40 ዋት ትበላለች እንበል። ሌት ተቀን ሳትጠፋ ዓመቱን ስትጨርስ 350 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ 350 ዶላር ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ የተጻፈው የዋት ቁጥር ይህን አይነግርም። እሱ ፕሮሰሰሩ ተጨንቆ ሲሠራ የሚያወጣውን ሙቀት ማቀዝቀዣው እንዲያውቀው የተጻፈ ነው። ሥራ ፈትተው ሲውሉ ሴሌሮኑም ዚዮኑም ብዙ አይበላለጡም። መብራት መቆጠብ የፈለገ ሰው ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ ሰርቨሯንም ቢያስተኛት የዓመቱን ሲሶ ያተርፋል። ግን ማጥፋት ማንም ሊያየው የማይመጣ ሥራ ነው፤ ዚዮን ግን ሰው ጠርቶ ያሳያል።

ስለ ሥራ ፈትነት ካነሣን፣ ሰርቨሯ ምን እየሠራች እንደምትውል መለኪያው ራሷ ውስጥ አለ። አንድ ቀን ማታ፣ ቤቱ ሁሉ ፊልም እያየ፣ የፕሮሰሰሯን ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ አስከፈትነው። መስመሯ መሬት ለመሬት ትሳባለች፤ አልፎ አልፎ ብቅ ትልና ተመልሳ ትተኛለች። ሌባ መጥቶ በማያውቅበት ግቢ ውስጥ ለሚያንቀላፋ ዘበኛ ጠመንጃ መቀየር ማለት ይኸ ነው፤ ዘበኛው አዲሱን ጠመንጃ ታቅፎ እንቅልፉን ይቀጥላል።

ነገሩን በሒሳብ ያስቀመጠው ሰው አለ። ጂን አምዳል ይባላል፤ ለአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒውተሮችን የነደፈ መሐንዲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረበው ክርክር ዛሬም በስሙ ሕግ ተብሎ ይጠራል። ፍሬ ነገሩ፣ ከአንድ ሥራ ውስጥ አንዱን ክፍል ብቻ ብታፈጥን፣ የምታተርፈው ያ ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ ከወሰደው ድርሻ በላይ ሊሆን አይችልም ነው። አንድ ቪዲዮ ከሰርቨሩ ወደ ስልክ ለመገልበጥ አሥር ደቂቃ ይፈጃል እንበል፤ ከአሥሩ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ድርሻ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢሆን፣ ጊዜ የማይወስድ ተአምረኛ ፕሮሰሰር ከሰማይ ቢወርድ እንኳ ዘጠኙ ደቂቃ ባለበት ነው። ዘጠኙን የበሉት ዲስኩ፣ ገመዱና ግድግዳው ናቸው። የሰርቨሯ የኔትወርክ ገመድ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያሳልፋል፤ በሜጋባይት ሲመነዘር 125 ነው፣ ያውም በወረቀት ላይ። ምስኪኗ ሴሌሮን ይህን ገመድ ጢም አድርጋ ትሞላዋለች። ከገመዱ በላይ ብትሮጥ የት ልትደርስ ነው?

ይህን ለወዳጃችን ያስረዳው ሰው ነበር። ወዳጃችን በትዕግሥት አዳመጠና “እሺ፣ የትኛውን ዚዮን ልግዛ?” አለ።

እዚህ ላይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ኢ3-1265ኤል ቪ2 ይሁን አለ፤ አራት ኮር፣ ስምንት ስሬድ፣ 45 ዋት። ሌላው ወገን “ከነቀልክ አይቀር” ብሎ ኢ3-1230 ቪ2 ላይ ተሰለፈ፤ እሱም አራት ኮር ነው፣ ግን 3.3 ጊጋኸርዝና 69 ዋት። ከሴሌሮኗ ጋር የመጣው ማቀዝቀዣ ብረት የተሠራው ለ35 ዋት መሆኑን፣ ብረቱ ላይ የራሱ ፋን አለመኖሩንና የሚያቀዘቅዘው ከኋላ የተገጠመው የሳጥኑ ፋን መሆኑን ያነሣ ሰው “አንተ ሁልጊዜ ተስፋ ታስቆርጣለህ” ተባለ። ዝቅ ያለ ሐሳብ ያቀረበም ነበር፤ ኢ3-1220ኤል ቪ2 የሚባል 17 ዋት ብቻ የሚሞቅ አለ። ሁለት ኮር ነው ሲባል ግን ማንም መልሶ አላነሣውም። ሁለትማ ድሮም ነበራት!

የ1265ኤል ወገን ትልቁ መከራከሪያ ፕሮሰሰሩ ውስጡ ግራፊክስ አለው የሚል ነበር፤ ቪዲዮ ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ ዓይነት ሲቀየር ግራፊክሱ ያግዛል ተባለ። ግራፊክሱ በርግጥ አለ። የጄን 8 ቦርድ ግን ሲ204 በሚባል ቺፕሴት የተሠራ ነው፤ ይህ ቺፕሴት ከፕሮሰሰር ውስጥ ያለ ግራፊክስን መጠቀም አያውቅም። ለስክሪን የተመደበው ቦርዱ ላይ ያለ የማትሮክስ ቺፕ ነው፤ እሱ ደግሞ ጽሑፍ ከማሳየት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ወዳጃችን ከፍሎ የሚያመጣው ግራፊክስ ሀርጌሳ ገብቶ አንድም ቀን ሳይበራ ሊኖር ነው። ይህም ተነገረው። “ይኑር፣ ምን ቸገረኝ” አለ። የ1265ኤል ወገን አሸነፈ።

ፕሮሰሰሩ ከዱባይ በሰው ሻንጣ መጣ። ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር። ከክብሪት ሳጥን ብዙም የማይበልጥ ነገር እጅ በእጅ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ሰው ገልብጦ እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ ምን እንዳየ እንጃ። አንደኛው “ይከብዳል” አለ። የሚከብደው ላዩ ላይ ያለው ብረት ነው።

ለቀዶ ጥገናው የተጠራው ስልክ ጠጋኝ የሆነ የሶማሌ ልጅ ነው። ጅግጅጋ ስለተማረ አማርኛውን ያቀላጥፈዋል፤ ወዳጃችንን አንዴ “ጋሼ”፣ አንዴ “አደር” ይለዋል፤ በሁለቱም ማክበሩ ነው። ጥግ ላይ የነበረችውን ሳጥን ሲከፍት መጀመሪያ የታየው ፕሮሰሰር አልነበረም። አቧራ ነበር። የሀርጌሳ አቧራ ደቃቅ ነው፤ መስኮት ብትዘጋም መንገዱን አያጣም። በማቀዝቀዣው ብረት ክንፎች መካከል ገብቶ ተጋግሯል፤ ፋኑ ላይ ተለጥፏል። ልጁ ምንም ሳይል ብሩሹን አወጣና ክንፉን አንድ በአንድ ጠረገ፤ ፋኑን በእርጥብ ጨርቅ አበሰ። ከአሮጌው ፕሮሰሰር ላይ ደርቆ የተሰነጣጠቀውን ቴርማል ፔስት ፈግፍጎ አነሣ። ከዚያ ሶኬቱ ተከፈተ። 1155 ጥቃቅን ፒኖች አሉት፤ ፒኖቹ ሶኬቱ ላይ ናቸው፤ አንዱ ቢታጠፍ ሰርቨሯ የልጆች መጫወቻ ትሆናለች። በዚህች ቅጽበት ያ ሁሉ ተከራካሪ ትንፋሹን ዋጠ። ልጁ ዚዮኑን አስቀመጠ፣ ማንሻውን ጫነ፣ አዲስ ፔስት ቀባ፣ ብረቱን አሰረ። ሰርቨሯ ተነሣች።

ተነሥታም ተሻላት! ፋኑ ጸጥ አለ፤ ገጾቹ ቶሎ ቶሎ ተከፈቱ። ወዳጃችን ተነሥቶ ቆመና ዓይን ለዓይን እያየን “አላልኳችሁም?” አለ። ጭብጨባ ነበር። ልጁ ብሩሹን ወደ ቦርሳው እየመለሰ ነበር።

እኔ የታዘብኩት ይኸንን ነው። ለወራት ሳትጠፋ የከረመች ማሽን ጠፍታ ስትነሣ ትፈጥናለች። የታፈነ ፋን ሲጠረግ ጸጥ ይላል። የደረቀ ፔስት ሲታደስ ሙቀት ይወርዳል። ይህ ሁሉ በሴሌሮኗም ይሆን ነበር፤ ዋጋውም አንድ ብሩሽና አንዲት ቱቦ ፔስት ነው። ምስጋናው ግን ለዚዮን ሄደ። ጽዳት ይፈውሳል፣ መድኃኒቱ ይመሰገናል። ወዳጃችን ከዚያ ወዲህ በየቤቱ እየዞረ የዚዮንን ገድል ይመሰክራል፤ በሱ ምስክርነት ሦስት ሰው ሳይቸግረው አዝዟል። ያለችግር የመጣ ብድር በተራው ሌላ ብድር ይወልዳል። አሁን “ራሟ ለዚህ ፕሮሰሰር አነሰ” ተብሏል። ራሟ ደግሞ 16 ጊጋባይት ላይ ሲደርስ በቃኝ ትላለች። ያ ሲታወቅ ማሽኗ ራሷ “ለዚህ ፕሮሰሰር የማትመጥን” ልትባል ነው፤ ትላንት የገባው እንግዳ ባለቤቲቱን ሊያስወጣት ነው ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ዲስኮቹን ያነሣ ሰው የለም። ያነሣችው ሚስቲቱ ናት፤ ቡና ይዛ መጥታ “የልጆቹ ፎቶ ሌላ ቦታም አለ አይደል?” አለች። ቤቱ ጭር አለ። የልጆቹ ፎቶ፣ የሠርጉ ቪዲዮ፣ ካረፉ በኋላ ድምፃቸው ብቻ የቀረው የእናቱ ቃለ መጠይቅ ያለው ከመጀመሪያውም ከሰርቨሯ ጋር ያገለገሉ ሆነው በመጡ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። ወዳጃችን ተረጋግቶ “ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚጽፉት፤ አንዱ ቢሞት አንዱ አለ” አላት። እውነቱን ነው፣ እስከዚያው ድረስ። ነገር ግን ልጅ በስህተት የሰረዘውን ፎቶ ሁለቱም ዲስኮች በታማኝነት ይሰርዙታል። ሌባ ሳጥኗን ሲያነሣ ሁለቱንም ያነሣል። መብራት ተንጦ ሲመጣ ሁለቱንም ይመታል። እሳት ደግሞ ዲስክ አይመርጥም፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2022 መጀመሪያ ላይ የሀርጌሳው ዋሄን ገበያ በአንድ ሌሊት ሲነድ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻውም። ባለሙያዎቹ ባክአፕን፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂን፣ በሦስት ቁጥር ያጠቃልሉታል፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ደንቡን ያስፋፋው ፒተር ክሮግ የሚባል ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶ የሚጠፋበት ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ይህ ስንፍና የሚሠራበት ከተማ ነው። ሀርጌሳ ባክአፕን ከመጽሐፍ አልተማረችም። እ.ኤ.አ. በ1988 የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከከተማዋ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ሲደበድቧት፣ የከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ ሰዎች የዘፈንና የቲያትር ካሴቶቻቸውን አፈር ውስጥ ቀበሩ፤ ሌላውን ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ። የማስቀመጫውን ቦታ ለያዩት፤ ከዚህ የበለጠ ከቤት ውጭ የተቀመጠ ቅጂ የት አለ? ከተማዋ ፈርሳ ስትነሣ ዘፈኑ ነበረ። ዛሬ የሀርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴቶች ሰብስቦ ወደ ዲጂታል እየገለበጠ ያኖራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኦስቲናቶ ሪከርድስ ከዚያ ክምችት መርጦ ያወጣው አልበም ለግራሚ እጩ እስከ መሆን ደርሷል። ከተሰባበረ አውሮፕላን ሐውልት ያቆመች ከተማ፣ ምን መትረፍ እንዳለበት ለይታ ያወቀች ናት። ሐውልቱን አልፈን ሄደን ፕሮሰሰር እንቀይራለን።

ስለ ፍጥነት ካነሣንም ከተማዋ ሌላ ትምህርት አላት። የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 ዛድን ጀመረ። ገንዘብ ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄደው በአጭር ቁጥር ነው፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። ያ የሽልንግ ክምር በጆንያ ይሸከም የነበረ ገበያ ዛሬ ሻይ የሚሸጥበት፣ ጫት የሚገዛበት፣ ኪራይ የሚከፈልበት በዚያች ስልክ ነው። የዚያች ስልክ ፕሮሰሰር ስንት ኮር እንዳለው ጠይቆ የሚያውቅ ሻይ ሻጭ አልገጠመኝም። የከተማው ንግድ በእጅ ስልክ እየተላወሰ፣ አራት ፊልምና አንድ የሠርግ ቪዲዮ ለማቀበል ስምንት ስሬድ ያስፈለገው እኛ ቤት ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ያለ አንባቢ በኛ እንዳይስቅ። እዚያም አገልግሎት ፈልጎ መስኮት ላይ የቆመ ሰው “ሲስተም የለም” የምትለውን መልስ ያውቃታል። ሲስተም የሚጠፋው አንዴ በመስመር፣ አንዴ በመብራት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግን የሚገዛው አዲስ ኮምፒውተር ነው፤ ፕላስቲኩ ሳይነሣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሲስተሙም ሳይመጣ ይቀራል። መስመርና መብራት ሪባን አይቆረጥላቸውም።

ፍትሕ አይጓደልና፣ ዚዮን በትክክል የሚገባው ሰው አለ። ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው አንዱ ነው፤ ጂ1610ቲ ለዚያ ሥራ የሚያገለግለው ልዩ መሣሪያ የለውም፣ ዚዮኑ አለው። አንዲት ሳጥን ውስጥ አራት አምስት ምናባዊ ማሽን የሚያሠራ፣ የሠርግ ቪዲዮ ለሥራው የሚቀይር ስቱዲዮም እንዲሁ። እነዚህ ሰዎች ግን በምርቃና አይወስኑም። መጀመሪያ መስመሯን ያያሉ፤ ጣሪያ ነክታ ስትውል ያዩና ያዛሉ። ቀሪዎቻችን የምንገዛው ቁጥር ነው። ባክአፕ ቁጥር የለውም፣ ስም የለውም፣ ጉንጭ ተወጥሮ አይወደስም። ሠርቶ የዋለ ባክአፕ የሚታየው የጠፋ ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

ስልክ ጠጋኙን ልጅ ያን ቀን ሊሄድ ሲል ጠየቅሁት። ይህን ያህል ፕሮሰሰር ስትቀይር ከምትውል ለሰው ባክአፕ እየሠራህ ብትሸጥ አይሻልህም ወይ? ከት ብሎ ሳቀ። “ሞክሬዋለሁ፣ ጋሼ። ‘ኮፒ ልሥራልዎ’ ስላቸው ‘ቆይ፣ ስንት ነው?’ ይላሉ፤ ዋጋውን ስነግራቸው ‘ይኸማ ውድ ነው፣ ምን ይጨምርልኛል?’ ይላሉ። ምንም አይጨምርልዎትም ነው መልሱ! ዚዮን ስላቸው ግን ዋጋውን የሚጠይቁት ዛድ ከከፈቱ በኋላ ነው።”

“ታዲያ ፎቶው ሲጠፋባቸውስ?”

“ያኔ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ አደር” አለ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እየጣለ። “ያኔ ዋጋ አይከራከሩም።”